ክረምት ሲገባ ሞተሬን ላቁማት ወይስ በየሳምንቱ ላስነሳት?

ጥያቄው፦ «የምኖረው ድሬዳዋ ሳቢያን ነው። 200 ሲሲ፣ ካርቡሬተር ያላት፣ ለአስፋልትም ለኮረኮንችም የምትሆን ሞተር አለችኝ። ሥራ አልሠራባትም። ቅዳሜና እሁድ ወደ ሐረር፣ ወደ ቁሉቢ፣ አልፎ አልፎም ወደ ባቢሌ የምወጣባት የመዝናኛ ናት። ክረምት እየገባ ስለሆነ አሁን ሰኔ ላይ ላቆማትና መስከረም ላወጣት አስቤያለሁ። ዩቲዩብ ላይ የውጭ ሰዎችም እንደዚያ ነው የሚያደርጉት። አንዱ ጓደኛዬ በየሳምንቱ አምስት ደቂቃ አስነሳት ይለኛል። ሌላው ታንኩን ሙልጭ አድርገህ አራግፍ ይላል። ዘይቱን መስከረም ላይ ስጀምር እቀይረዋለሁ። አክስቴ ሐረር ሰፊ ግቢ አላት፤ እዚያ ነፋሻ ስለሆነ እሷ ጋ ላስቀምጣት ነው። ልክ ነኝ?»

ከ«ክረምት» እንጀምር። ዩቲዩብ ላይ የምታያቸው ሰዎች ክረምት የሚሉት በረዶ ነው። መንገዱ ይረጋል። በረዶውን ለማቅለጥ ጨው ይበተናል፣ ጨዉ ደግሞ ብረት ይበላል። ጎማውም በብርዱ ደርቆ አስፋልት አይዝም። ስለዚህ ሸፍነው ያስቀምጣሉ፤ ምርጫ የላቸውም። የኛ ክረምት ውሃ ነው። ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ነገሩ ለየቅል ነው። ምክራቸውን እንዳለ ብትቀዳው ግማሹ ይጠቅምሃል፣ ግማሹ ይጎዳሃል።

ደግሞስ ሰኔን ለምን ታባክናለህ? ድሬ ላይ ሰኔ የሙቀት ወር ነው። ከዓመቱ ሁሉ የሚያነደው እሱና ግንቦት ናቸው። ዝናቡ የሚበረታው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው። በበልጉ፣ ሚያዝያ ላይም እኮ ዘንቧል። ያኔ ስትነዳ ከርመህ አሁን ገና ሳይዘንብ ቁልፉን ልትሰቅል ነው።

ወደ ዋናው ልምጣ። በየሳምንቱ አምስት ደቂቃ ማስነሳት የሚለው ምክር ጋራዥ ውስጥም ከሰው አፍ አይጠፋም። «ደሟ ይዘዋወር» ይሉሃል። ሞተር ደም የላትም። ያለጥቅም የቀረ ሞተር ከሚመጣልኝ ውስጥ ብዙው የተረሳ አይደለም፤ በየእሁዱ አምስት አምስት ደቂቃ «የተንከባከቡት» ነው።

ምክንያቱ ይኸውልህ። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር የሚጠጋ ውሃ ይወልዳል። ሞተሯ መንገድ ላይ በደንብ ስትግል ይህ ውሃ እንፋሎት ሆኖ በማርሚታው፣ በጭስ ማውጫው፣ ይወጣል፤ አታየውም። ማርሚታው ሳይሞቅ ስታጠፋት ግን እንፋሎቱ ውስጥ ይቀራል፣ ይቀዘቅዛል፣ ውሃ ይሆናል። ጠዋት ስታስነሳ ከማርሚታው ጫፍ ጠብ ጠብ የሚለው እሱ ነው። በአምስት ደቂቃ ማርሚታው እስከ ጫፉ ድረስ ውሃውን አትንኖ የሚያወጣ ሙቀት አይደርስም። አሥራ ሁለት እሁድ እንዲህ ካደረግህ አሥራ ሁለት ጊዜ ውሃ ጨምረህበታል ማለት ነው። ከውጭ ኒኬሉ ያብረቀርቃል፣ ከውስጥ ወንፊት ሆኗል።

ከዚያው ውሃ ጥቂቱ በፒስቶኑ ፋሻ በኩል አልፎ ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ዘይትና ውሃ ሲመታ ምን እንደሚሆን ለማየት የዘይት መሙያውን ክዳን ፈትተህ ከሥሩ ተመልከት። ማኪያቶ የመሰለ አረፋ ካለ ተበልተሃል። ዘይቱ ይህን ውሃ አትንኖ የሚያወጣው በደንብ ሲግል ብቻ ነው። ለዚያ ደግሞ ግማሽ ሰዓት ያህል በጭነት፣ በማርሽ፣ በመንገድ ላይ መሄድ አለባት። ግቢ ውስጥ ቆማ ብታጉረመርም አትደርስበትም።

ባትሪውስ? ሰው ሁሉ የሚያስነሳው ባትሪው እንዳይሞት ብሎ ነው። ሞተሪኖው፣ ማለትም በባትሪ የሚዞረው ማስነሻ፣ ለማስነሳት የሚወስደው ኃይል ብዙ ነው። ጄኔሬተሩ በዝቅተኛ ዙር የሚመልሰው ትንሽ ነው፤ መብራቱ በርቶ ከሆነማ ጭራሽ ላይመልስ ይችላል። ስለዚህ በየሳምንቱ ታወጣለህ እንጂ አታስቀምጥም። በላዩ ላይ ቾክ ስበህ ስለምታስነሳት ቤንዚኑ ይበዛል። የሲሊንደሩን ግድግዳ ከዘይት ያጥበዋል፣ ካንዴላውን ያጠቁረዋል።

እንግዲህ መንገዱ ሁለት ነው። ወይ እንደሚገባ ትነዳታለህ፣ ወይ እንደሚገባ ታስተኛታለህ። ግማሽ ልጩ ግማሽ ጎፈሬ አይሆንም።

እኔ የምመክርህ የመጀመሪያውን ነው። ድሬ ከሆንክና እግርህ ጤነኛ ከሆነ አታቁማት። በየአሥር ወይም በየአሥራ አምስት ቀኑ፣ ደረቅ ጠዋት መርጠህ፣ ቢያንስ 40 ደቂቃ ንዳት። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ውጣ፣ 5 ሰዓት ላይ ቤትህ ግባ። ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው የሚጥለው። ዳገቱን ተወው፤ በሜዳው ወደ መልካ ጀብዱ ወይም ወደ ሽኒሌ አቅጣጫ ብትሄድ ይበቃል። እንደዚህ ካደረግህ ካርቡሬተር ማፍሰስ የለ፣ ባትሪ መንቀል የለ። ካቴናውን ዘይት እየቀባህ መኖር ነው።

ግን የክረምት አነዳድ የበጋው አይደለም። ከሁሉ የከፋው የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ነው። መንገዱ ላይ ለሳምንታት የተጠራቀመ ዘይትና አቧራ አለ። ካፊያ ሲነካው ሳሙና ይሆናል። ዶፍ ሲሆን ይታጠባል፣ ይሻላል። ስለዚህ ካፊያ ከጀመረ ቆመህ አንድ ሻይ ጠጣ። የድሮውን የባቡር ሐዲድ ስትሻገር ቀጥ ብለህ ቁረጠው፤ አግድም ከገባህበት እርጥብ ብረት ጎማህን ይዞት ይሄዳል። ሐዲዱ ላይ እያለህ ፍሬን አትንካ። የኋላ ፍሬንህ የከበሮ ከሆነ፣ ውሃ ውስጥ ካለፍክ በኋላ ለጥቂት ሜትር ፍሬኑን በስሱ ይዘህ ሂድ፤ ሸራው ይደርቃል። በዝናብ ጊዜ የጎማ ንፋስ ይቀነሳል የሚሉህን አትስማ። አሸዋና ጭቃ ላይ ይሠራል። አስፋልት ላይ ግን ንፋሱ የጎደለ ጎማ ውሃውን ሰንጥቆ መሬት መንካት ያቅተዋል፣ ይንሳፈፋል። ፋብሪካው የጻፈውን ልክ ያዝ።

ከድሬ ወደ ሐረርና ወደ ቁሉቢ የሚያወጣውን ዳገት፣ ደንገጎን በተመለከተ ግትር ነኝ። ሐምሌና ነሐሴ ለመዝናናት ብለህ አትውጣው። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረር ወደ 1,885 ሜትር። በመሃል ያለው ጠመዝማዛ ዳገት በዚህ ወቅት ጭጋግ ይለብሳል። ከገደሉ የታጠበ ጠጠር ኩርባው ላይ ተበትኖ ይጠብቅሃል። ከባድ መኪናው በፍሬን እያቃሰተ ይወርዳል። ከላይ ወደ ሐረር ከታጠፍክ አወዳይ አካባቢ የጫት መኪናዎች አሉ፤ እነሱ ለዝናብም ለማንም አይቆሙም። ወደ ቁሉቢ ከታጠፍክ ደግሞ የሐምሌ 19 ሰሞን መንገዱ በእግረኛና በመኪና ይሞላል። ለንግሥ መሄድ ከፈለግህ በአውቶቡስ ሂድ፣ አቦ። ሞተሯ አትሳለም።

ስለ ጎርፍ የምለው አጭር ነው። ከተማዋን አቋርጦ የሚያልፈው ወንዝ፣ ደቻቱ፣ ሲደርቅ መንገድ ይመስላል፤ አይደለም። ድሬ ላይ ጠብ ሳይል ሊሞላ ይችላል፤ የሚዘንበው ከላይ ደጋው ላይ ነውና። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። በአሸዋው ላይም ሆነ በዳርቻው ሞተር አታቁም፤ የሚሄድ ውሃም አትሻገር። ቁርጭምጭሚት የሚሆን ፈጣን ውሃ ሰው ይጥላል፤ ሁለት ጎማ ላይ ያለ ሰው ከዚያም ቀድሞ ይወድቃል። ሞተሯ ውሃ ውስጥ ገብታ ከጠፋች ደግሞ በፍጹም ለማስነሳት አትሞክር። ውሃ እንደ አየር አይታመቅም። ፒስቶኑ ሲመታው የሚታጠፈው ቢየላው፣ ፒስቶኑን የያዘው ዘንግ፣ ነው። መጀመሪያ ካንዴላውን ፍታ፣ ውሃውን አስወጣ፣ ዘይቱን ቀይር። ካልቻልክ እየገፋህ ጋራዥ አምጣት።

አሁን ሁለተኛው መንገድ። ለሥራ ከከተማ ትወጣለህ፣ ወይም ቤተሰብ አይፈቅድም፣ ወይም በቃ አልነዳም ብለሃል እንበል። እንግዲያው እናስተኛት።

ዘይቱን መስከረም ላይ እቀይራለሁ ማለትህ ስህተት ነው። የሚቀየረው ከማቆምህ በፊት ነው። የሠራበት ዘይት ጥቀርሻ፣ ውሃና አሲድ ይዟል። ሦስት ወር ሙሉ ኩሽኔታዎችህን በዚያ ውስጥ ዘፍዝፈህ ልታስቀምጣቸው አይገባም። የመጨረሻዋን ረጅም ጉዞ ሂድ፣ ሞቃ ስትመለስ አፍስሰው፣ አዲሱን ሙላ፣ ሁለት ደቂቃ አስነስተህ አዲሱ ዘይት ሁሉም ጋ ይድረስ። ከዚያ በኋላ አትነካትም። ዘይት ስትገዛ ለሞተር ሳይክል የተሠራውን፣ ጣሳው ላይ «ጃሶ ኤም ኤ» የሚል ምልክት ያለበትን ውሰድ። አንዳንድ የመኪና ዘይት ማለስለሻ አለው፤ ያንተ ፍሪሲዮን የሚነከረው በዚያው ዘይት ውስጥ ስለሆነ መንሸራተት ይጀምራል።

ታንኩን አራግፍ ያለህ ጓደኛህ ግማሽ መንገድ ደርሷል። ባዶ መሆን ያለበት ካርቡሬተሩ ነው፤ ታንኩ ሙሉ ይሁን። ባዶ የብረት ታንክ ባዶ አይደለም፣ አየር ሞልቶታል። አየሩ እርጥበት አለው። ሌሊት ብረቱ ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ ውስጡ ላይ ጠል ሆኖ ይቋጠራል፣ ከዚያ ዝገት ነው። ዝገቱ ተፈቅፍቆ ወደ ታች ይወርድና ካርቡሬተሩን ይደፍናል። ሙሉ ታንክ ውስጥ አየር መግቢያ የለውም። ግን እስከ አፉ ድረስ አትሙላው፤ ሁለት ጣት ያህል ተው። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ቤንዚን መጠኑ 1 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በድሬ ሙቀት አፍ ለአፍ የሞላኸው ይፈስሳል። የላስቲክ ታንክ ከሆነ አይዝግምና ይህ ሁሉ ጭንቀት የለብህም።

ካርቡሬተሩ ሆድ ውስጥ ያለችው ቤንዚን ግን ጠላትህ ናት። ትንሽ ናት፣ አየር ይደርሳታል፣ በድሬ ሙቀት ቀኑን ሙሉ ትጋገራለች። ቀላል ቀላሉ ይተንና ማር የመሰለ ሙጫ ይቀራል። ሙጫው የሚደፍነው ሞተሯ ጋዝ ሳትሰጣት ስትንሾካሾክ ቤንዚን የሚያልፍባትን ቀዳዳ ነው፤ ስፋቷ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። መስከረም ላይ «ቾክ ሳልስብ አትሠራም፣ ጋዝ ስለቅ ትጠፋለች» ብለው የሚመጡት ሁሉ ችግራቸው ይህ ነው። አንዳንዱ ደግሞ በሽቦ ጎርጉሮ ይመጣል። ሽቦ ቀዳዳውን ያሰፋዋል፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ መግዛት ነው።

አደራረጉ ቀላል ነው። የነዳጅ መዝጊያውን ዝጋ። ከካርቡሬተሩ ሥር ያለችውን የማፍሰሻ ቡሎን በካቻቢቴ አላላት፣ የሚወርደውን በጠርሙስ ተቀበል፣ መልሰህ እሰር። ኢንጂኑ ቀዝቅዞ መሆን አለበት። ቦታው ክፍት ይሁን። ግቢ ውስጥ ከሰል ተያይዞ ቡና እየተቆላ ከሆነ ተወው፣ ነገ ታደርገዋለህ። የቤንዚን ትነት መሬት ለመሬት ሄዶ እሳቱን ያገኘዋል። በጠርሙሱ ሥር እንደ ዶቃ የሚንከባለል ነገር ካየህ ውሃ ነው፤ ታንኩንም አስፈትሽ። ሞተርህ ካርቡሬተር የሌላት፣ በኢንጀክሽን የምትሠራ ብትሆን ይህን ክፍል ሙሉ በሙሉ ትዘለዋለህ።

ካንዴላውን ፍታና በቀዳዳው አንድ የሻይ ማንኪያ የኢንጂን ዘይት ጨምር። ቁልፉን ሳትከፍት በኪክ ቀስ ብለህ ሦስት አራት ጊዜ አዙር፤ ዘይቱ ግድግዳውን ይቀባዋል። ካንዴላውን ስትመልስ መጀመሪያ በእጅ አስገባ። የቀዳዳው ጥርስ አልሙኒየም ነው፤ አጣመህ በቁልፍ ካስገባኸው የሁለት ብር ሥራ የሁለት ሺህ ይሆናል።

ባትሪ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ የድሬ ሰው ብዙ ጊዜ የሚበላው እዚህ ነውና። ዩቲዩቦቹ ባትሪ ብርድ ይገድለዋል ይላሉ። ብርድ ጉልበቱን ይይዝበታል፤ ዕድሜውን የሚበላው ግን ሙቀት ነው። የተቀመጠ ባትሪ በራሱ ኃይል ያጣል፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ይህ ብክነት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሞተሯ ላይ እንደተሰካ ሦስት ወር የተወ ባትሪ ሳይጠቀሙበት ያረጃል። ስለዚህ ንቀለው። መጀመሪያ ኔጋቲቩን፣ ቀጥሎ ፖዘቲቩን ፍታ። ስትመልስ በተቃራኒው። ፖዘቲቩን ቀድመህ ስትፈታ ቁልፍህ ሻንሲውን ከነካ እሳት ይረጫል። ቤት ውስጥ ቀዝቃዛ ጥላ ቦታ አኑረው። ሲሚንቶ ላይ ከተቀመጠ ኃይሉን መሬት ይመጠዋል የሚባለው ለዛሬዎቹ የላስቲክ ሣጥን ባትሪዎች አይሠራም፤ የትም አስቀምጠው፣ ሕፃን አይድረስበት እንጂ።

በወር አንድ ጊዜ በቴስተር ለካው። 12.6 ቮልትና ከዚያ በላይ ከሆነ ሙሉ ነው። ከ12.4 በታች ከወረደ ቻርጅ አስደርገው። ለመኪና ባትሪ በተስተካከለው ቻርጀር ግን አያፍሉብህ። ያንተ 7 አምፔር ሰዓት ከሆነ 0.7 አምፔር ይበቃዋል፤ ቀስ ብሎ ይሞላ። ውሃ የሚጨመርበት ዓይነት ከሆነ የሚጨመረው የተጣራ ውሃ ብቻ ነው። አሲድ አይደለም፤ አሲዱ አይተንም፣ የሚቀንሰው ውሃው ነው። የቧንቧ ውሃም አይሆንም። የድሬ ውሃ የሻይ ማፍያህን ውስጡን ምን እንደሚያደርገው ታውቃለህ።

ካቴናውን በላምባ እጠበውና በማርሽ ዘይት ቀባው። በቤንዚን አትጠበው፤ በመጋጠሚያዎቹ መሃል ያለውን የጎማ ቀለበት ያደርቀዋል። የተቃጠለ ዘይት የሚቀቡ አሉ፤ በነፃ የተገኘ ሞረድ ነው። ስትቀባ ኢንጂኑ ጠፍቶ፣ ጎማውን በእጅህ እያዞርክ ይሁን። ተነስታ ማርሽ ውስጥ አስገብተው ካቴና ሲያጸዱ ጣታቸው የቀረ ሰዎች አውቃለሁ።

ጎማውን ንፋስ ሞልተህ በመሃል መቆሚያዋ ወይም በእንጨት ከፍ አድርጋት። ፀሐይ አይንካት። ማርሚታው አፍ ላይ አይጥ እንዳይገባ ጨርቅ ወትፍና መሪው ላይ ቀይ ክር እሰር፤ አለዚያ መስከረም ላይ ረስተኸው ኪክ ስትመታ ትውላለህ።

መሸፈኛ ላይ ሰው ሁሉ ላስቲክ ይመርጣል፣ ዝናብ አያስገባም ብሎ። እውነት ነው፣ አያስገባም። አያስወጣምም። እኔ ራሴ ገና ስጀምር አንዷን ጥቅልል አድርጌ በላስቲክ ሸፍኜ አስቀምጬ፣ ስገልጣት የጎማዎቹ ቸርኬ ሽቦዎች በሙሉ ዝገው ቡናማ ሆነው አገኘኋቸው። ዝናብ አልነካትም ነበር፤ ያዛጋት ከመሬት የተነሳው እርጥበት ነው። አቡጀዲ ወይም አሮጌ አንሶላ ጣል አድርግባት። ጣሪያው የሚያፈስ ከሆነ ላስቲኩን ከበላይ ወጥረው፣ እንዳይነካት።

የአክስትህ ግቢ። ሐረር ነፋሻ ነው፣ ለባትሪውና ለጎማው ይመቻል። ለብረቱ ግን አይመችም። ክረምቱ እዚያ እርጥብ ነው፣ ግቢው ደግሞ ክፍት ነው ብለኸኛል ማለት ይቻላል። ድሬ ሞቃት ይሁን እንጂ ከዝናብ በኋላ ቶሎ ይደርቃል። ባትሪውን ነቅለህ ቤት ካስገባኸው የድሬ ሙቀት የሚጎዳው ብዙ ነገር አይቀርም። ስለዚህ እዚሁ ሳቢያን፣ ጣሪያና ግድግዳ ያለው ክፍል ውስጥ፣ ከጎርፍ መውረጃ ራቅ አድርገህ አስቀምጣት። ክፍል ከሌለህና አክስትህ የሚዘጋ መጋዘን ካላት ሐረር ይሁን። ክፍት ግቢ ከሆነ አይሆንም፤ ደግሞ ባጠገብህ ካልሆነች በየወሩ ማን ያያታል?

መስከረም ላይ ስታወጣት አትቸኩል። የአየር ፊልትሮውን ሣጥን ክፈት፣ የአይጥ ጎጆ እንዳይኖር። ጨርቁን ከማርሚታው አውጣ። ባትሪውን መልስ። የነዳጅ መዝጊያውን ከፍተህ አንድ ደቂቃ ጠብቅ፣ ካርቡሬተሩ ይሙላ። ስትነሳ ነጭ ጭስ ትለቃለች፤ አትደንግጥ፣ ሲሊንደሩ ውስጥ የጨመርከው ዘይት ነው፣ ትንሽ ነድተህ ይጠፋል። የሦስተኛ ወገን መድንህ በዚያ መሃል አልፎ እንደሆነም እየው። የመጀመሪያው ጉዞ እዚሁ ከተማ ውስጥ፣ እስከ ከዚራ ደርሶ መመለስ ይሁን።

ከዚያ በፊት ግን የፊት ፍሬንህ ዲስክ ከሆነ፣ መሪው ላይ ባለችው መስታወት የፍሬን ዘይቱን ተመልከት። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል፤ ክረምት ላይ ይብስበታል። ውሃ የጠጣ ዘይት ሲግል ይፈላል፣ ሲፈላ ፍሬኑ ስፖንጅ ይሆናል፣ ሊቨሩ እስከ መሪው ይገባል። በየሁለት ዓመቱ መቀየር አለበት፣ ጣሳው ላይ ዶት 4 የሚለውን። መስታወቷ ውስጥ ቡና የመሰለ ካየህ ሳትቀይረው ደንገጎ አትውጣ። መውጣቱ ምንም አይልህም፤ የሚፈላብህ ስትወርድ ነው።